በጋሪ የዞረው ውሃ፦ የወይዘሮ ሎሚ ፈይሳ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሎሚ ፈይሳ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በደራ ከተማ፣ ከአባታቸው ከአቶ ፈይሳ ወዬሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጉዲቱ ቀነዓ በጥር ወር 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ፣ ከሴቶቹ የመጀመሪያዋ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የደራ ሰው የሚጠጣው ከወንዝ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ ነበር። ወይዘሮ ጉዲቱ ውሃውን በእንስራ አሳድረው፣ ጭቃው ወደ ታች ሲወርድ ከላይ ከላዩ ይጨልፉ ነበር። ሕፃኗ ሎሚ በእንስራው አፍ ላይ አጎንብሰው የደለሉን አወራረድ ሲመለከቱ ቆይተው፣ ልክ ሊጠራ ሲል ጣታቸውን ከትተው ያማስሉት ነበር። እናታቸው፣ «ልጄ፣ ተይው፤ ይርጋበት!» እያሉ ደጋግመው ቢቆጧቸውም አልተዉትም። ውሃ ሲረጋና ሲናወጥ በውስጡ የሚሆነው ነገር አንድ አለመሆኑን ለማወቅ የጀመሩት በዚያ እንስራ ነው፤ ሳይጨርሱትም አልሞቱም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደራ፣ የሁለተኛ ደረጃውን አክስታቸው ቤት ተቀምጠው በአዳማ ተከታትለው በ1957 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በክፍላቸው ከነበሩት አርባ አንድ ተማሪዎች ሴቶቹ አራት ብቻ ነበሩ። ከዚያም አዲስ አበባ ሁለት ዓመት የላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ሙያ ተምረው፣ በ1959 ዓ.ም. አዳማ በሚገኝ የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። ዲግሪ አልነበራቸውም። ይህ በኋላ ብዙ ጊዜ ስለተነሳባቸው እዚህ ላይ በግልጽ መጻፉ ተገቢ ነው። ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ዓይን ግን ነበራቸው። ዲግሪ ካላቸው ሰዎች ውስጥ ያን ዓይን የያዘ ስንት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል።

በ1962 ዓ.ም. በአዳማ ከተማ በልብስ ስፌት ሙያ ይተዳደሩ ከነበሩት ከአቶ ብዙነህ ጋር በወንጌላውያን ጸሎት ቤታቸው በቃል ኪዳን ተጋቡ። በ1964 ዓ.ም. ፀዳለን፣ በ1967 ዓ.ም. ቀነዓን ወለዱ። በ1968 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ በዝዋይ፣ ቤተሰቡ ባቱ በሚላት ከተማ፣ በሐይቁ ዳር የምርመራ ጣቢያ ሲከፍት ወይዘሮ ሎሚ ወደዚያ ተዛወሩ። አቶ ብዙነህም በእግር የምትረገጠውን የስፌት መኪናቸውን በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነው ሚስታቸውን ተከተሉ፤ ከጋሪ መቆሚያው ፊት ለፊትም ሱቅ ከፈቱ። ባል የሚስቱን ዝውውር ተከትሎ አገር መልቀቁ ያሳቃቸው ሰዎች ነበሩ። አቶ ብዙነህ ግን፣ «መርፌ የትም ይወጋል» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

የወይዘሮ ሎሚ ሥራ የከተማው የመጠጥ ውሃ ከሚሳብበት የሐይቁ ክፍል በየቀኑ የሚመጣውን ውሃ በማይክሮስኮፕ ማየትና በውስጡ ያሉትን ባክቴሪያዎች መቁጠር ነበር። ናሙናው ማለዳ በአሥራ ሁለት ጠርሙሶች ተሞልቶ በሳጥን ይመጣል፤ ዘበኛው ተቀብለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል፤ እሳቸው ደግሞ የጠዋቱን ዝግጅት ጨርሰው ከሰዓት በኋላ በሰባት ሰዓት ይቆጥራሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠሩ። ቁጥሩም ከቀን ወደ ቀን ብዙ አይለያይም ነበር።

በኅዳር 1971 ዓ.ም. ቤንዚን ጠፋ። ናሙና የምታመጣው ላንድሮቨር ቆመች። ጣቢያው ከአንድ የባቱ ባለጋሪ ጋር ተዋዋለና ሳጥኑ በጋሪ ይመጣ ጀመር። ባለጋሪው አቶ ኑሬ ይባላሉ፤ ዛሬ በዚህ የቀብር ሥፍራ ቆመዋል፤ ስማቸው የሚነሳው በፈቃዳቸው ነው። ውሉ ጠርሙሶቹ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከሐይቁ ተነስተው በአንድ ሰዓት ተኩል ጣቢያው እንዲደርሱ ይላል። በመቀበያ ቅጹም ላይ «ከጠዋቱ 1፡30» ተብሎ አስቀድሞ በታይፕ ተመትቶ ነበር። ዘበኛው ሳጥኑ የመጣበትን ሰዓት አይጽፉም፤ በተመታው ሰዓት ሥር ይፈርማሉ እንጂ። ይህን ነገር ልብ ይሏል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቁጥሩ እጥፍ ሆነ። ወይዘሮ ሎሚ ያዩትን ጻፉ። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ንዋይ የውሃ መሳቢያው ቦታ ንጹሕ ነው ብለው ለበላይ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ካደረጉ ገና ወራቸው ነበርና ነገሩ አልጣማቸውም። አጣሪ ቡድን ከላይ መጣ። ቡድኑ በራሱ ቤንዚን፣ በራሱ ላንድሮቨር ናሙና አስቀድቶ በዚያው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ፤ በሰባት ሰዓት ተቆጠረ። ቁጥሩ የድሮው ሆነ። ስለዚህ ሐይቁ አልቆሸሸም፤ ስለዚህ የተሳሳተችው ቆጣሪዋ ናት ተባለ። እንዲህ ያለ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ የፈጀባቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ጥር 9 ቀን 1971 ዓ.ም. ሠላሳ አራት ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ጓድ ንዋይ ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡ። ጓዲት ሎሚ ፈይሳ በናሙና ቆጠራ ላይ ባሳዩት ከፍተኛ ቸልተኝነት ከቴክኒሻንነት ተነስተው በጠርሙስ አጣቢነት እንዲመደቡ፣ ደብዳቤውም በግል ማህደራቸው እንዲቀመጥ ተወስኗል የሚል ነበር። ወይዘሮ ሎሚ እስከ መጨረሻው ቆመው አዳመጡ። ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«እኔ የቆጠርኩትን ጠርሙስ፣ ያንኑ ጠርሙስ፣ ደግሞ የቆጠረው ማን ነው?»

ማንም አልቆጠረውም ነበር። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ።

በማግስቱ ወይዘሮ ሎሚ ጠርሙስ ማጠብ ጀመሩ። በቦታቸው የተተካው ቆጣሪ በእሳቸው የደረሰውን አይቶ የድሮውን ቁጥር ይጽፍ ጀመር። ጠርሙስ ማጠብ ታላቅ ሙያ ነው፤ ያላጠበ ሰው የማያየውን ያሳያል። በሦስተኛው ቀን ከሳጥኑ ወለል ላይ ገለባ፣ የሽንኩርት ልጣጭና አንድ የጫት ቅጠል አገኙ። ከሐይቁ ዳር ቀጥታ የመጣ ሳጥን ሽንኩርት ምን ያደርግለታል? በአንድ የገበያ ቀን ፈቃድ ወሰዱና ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ማለዳ ከሐይቁ መንገድ ላይ ጋሪዋን አስቁመው ከኋላ ተሳፈሩ። የተቀመጡት በሳጥኑ ላይ ነበር።

ጋሪዋ ወደ ገበያ ሄደች። ከገበያ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ተመልሳ ወደ ገበያ። ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ተሳፋሪ ይወጣል፤ ወይዘሮ ሎሚ ከቦታቸው አልተነሱም። በአራተኛው ዙር ላይ አቶ ኑሬ ሳይዞሩ ተጣሩ።

«እናቴ፣ አንቺ መውረጃ የለሽም እንዴ?»

«ጠርሙሶቹ ሲወርዱ እወርዳለሁ» አሏቸው።

አቶ ኑሬ ልጓሙን ሳቡት። ዞረው ነጠላውን አዩ፤ ከነጠላው ውስጥ ያሉትን ዓይኖች አዩ። «ወላሂ፣ እትዬ ሎሚ!» ብለው ከጋሪው ዘለው ወረዱ። «ፈረሱ ይብላ ብዬ ነው። ጠዋት ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ ከሮጠ የገበያውን ሰው ሌላ ይወስድብኛል፤ ፈረሱም እኔም ጦም አዳሪ ነን። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አደርሰዋለሁ፤ ዘበኛው ይፈርሙልኛል። ውሃ አይደለም እንዴ? ውሃ ምን ይሆናል ብዬ! አሁን አሻጥር ነው ብለው ይወስዱኛል።»

ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የአንድ እርሻ የፓምፕ ዘበኛ ሞተሩ ስለተቃጠለ ብቻ «የኢኮኖሚ አሻጥር» በሚል ቃል ተይዘው፣ ቤተሰባቸው ለወራት ያሉበትን አላወቀም ነበር። የቃሉን ክብደት ዛሬ ለመርሳት የሚቸኩሉ አሉ። ያን ጊዜ አንድ ፈረስ፣ አንድ ጋሪና አራት ልጆች ያሉት ሰው ሊረሳው አይችልም ነበር።

ወይዘሮ ሎሚ በዚያች ቅጽበት ነጻ መውጣት ይችሉ ነበር። ጣቢያው ሄደው «ጠርሙሶቹ ጠዋቱን ሙሉ በጋሪ ሲዞሩ ነው የሚውሉት» ቢሉ ደብዳቤው ይነሳላቸዋል፤ ማይክሮስኮፓቸው ይመለስላቸዋል፤ ኑሬ ይታሰራሉ። ሦስቱንም በልባቸው አስቀመጡና የመረጡትን መረጡ።

«ነገም እንደዚሁ አዙራቸው» አሏቸው። «ግን ስንት ጊዜ ገበያ እንደደረስክ፣ የት እንደቆምክ፣ የት እንዳስጋለብክ ማታ ማታ ወደ ብዙነህ ሱቅ ብቅ ብለህ ትነግረኛለህ።»

«አልገባኝም፣ እትዬ።»

«እኔም ገና አልገባኝም።»

ያልገባቸው ነገር ይህ ነበር። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠውም ውሃ፣ በጋሪ የዞረውም ውሃ እስከ ሰባት ሰዓት የቆየው እኩል ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ቆይቶ ስለዋለ በዛ ማለት አይቻልም። ፀሐይ መትቶት ነው እንዳይባል ሳጥኑ በረጠበ ጆንያ የተሸፈነ ነው፤ ያም ሆኖ ገና ቆጣሪ ሳሉ አንድ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው አይተዋል፤ እጥፍ አልሆነም። የቀረው የፈረሱ ሶምሶማ ብቻ ነበር።

ማስረጃ ለማግኘት መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ጠርሙስ አጣቢ ደግሞ መሣሪያ አይሰጣትም። መብራቱ የተሰበረ፣ ከመዝገብ የወጣ አሮጌ ማይክሮስኮፕ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ተጥሎ ነበርና ለመዋስ ፈርመው ወሰዱት፤ በመብራቱ ቦታ ከባለቤታቸው ሱቅ መስተዋት ስባሪ ገጠሙለት። በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ በመሆኑ ሥራው የቀን ብቻ ሆነ። የሚያናውጠውንም ነገር ሩቅ አልፈለጉም። የአቶ ብዙነህን የስፌት መኪና መርገጫ በሽቦ ከአንዲት ትንሽ ሣጥን ጋር አያያዙት፤ እግር መርገጫውን ሲጫን ሣጥኑ ጠርሙሶቹን ይዞ ይወዛወዛል። አቶ ብዙነህ ጥልፍ ሲጠልፉ አረጋገጣቸው ዝግ ያለ ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ መካከለኛ፣ ልክ እንደ ፈረሱ ሶምሶማ፤ የሚሊሻ ካኪ በጥድፊያ ሲታዘዝ ደግሞ መኪናዋ ልትበር ትደርሳለች። ሦስት ዓይነት ልብስ፣ ሦስት ዓይነት መናወጥ። አራተኛው ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሳይነካ ይቀመጣል።

በየቅዳሜው እንዲህ ተሠራ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ የሐይቅ ውሃና የረጋ የሥጋ መረቅ ፍርፋሪ፣ እኩል እኩል እየተለካ ይገባል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ይቆጠራል። አቶ ብዙነህ ስድስት ሰዓት ያለማቋረጥ በአንድ ዓይነት አረጋገጥ መስፋት ነበረባቸው።

«አንቺ ሎሚ፣ ሰውዬው ጥልፍ አላዘዘም፣ ሱሪ ነው ያዘዘው» ይላሉ።

«ዛሬ ተራው የጥልፍ ነው። ሱሪውን በጥልፍ አረጋገጥ ስፋው።»

«በአንቺ ባክቴሪያ ምክንያት የባቱ ሰው ሱሪ ሁሉ ዘግይቶ ደረሰ!»

ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ምእመናኑ በየቤቱ ሲሰበሰቡ፣ በዚሁ ሱቅ ጓዳ ይጸለይ ነበር። በደጅ የሚያልፍ ሰው የስፌት ድምፅ ብቻ እንዲሰማ አቶ ብዙነህ መኪናውን ይረግጣሉ። ስለዚህ ከጠርሙሶቹ አንዳንዶቹ የተወዛወዙት ጸሎት ላይ ነው። ወይዘሮ ሎሚ ይህንንም በደብተራቸው ላይ «መካከለኛ፣ በጸሎት ሰዓት» ብለው መዝግበዋል። መጻፍ ያለበትን ነገር ፈርተው የተዉበት ገጽ በደብተሩ ውስጥ የለም፤ ከአንድ ሰው ስም በስተቀር።

አርባ ሰባት ቅዳሜዎች አለፉ። ያገኙት ነገር ለማንም ሰው ሊገባ የሚችል ስለሆነ እዚህ ይነገራል። «ዕድሜዋን በጀርም ጨረሰች» እያሉ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ለሚያንሾካሽኩትም መልስ ይሆናል።

በሐይቅ ውሃ ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ከፊሎቹ ጅራት አላቸው፤ ይዋኛሉ። ከፊሎቹ የላቸውም፤ ውሃው በወሰዳቸው ይሄዳሉ። ዋናተኞቹ ዓይን የላቸውም። ነገር ግን በሚዋኙበት አቅጣጫ የምግቡ ጣዕም እየጨመረ ከሄደ ቀጥ ብለው ረዘም ላለ ጊዜ ይዋኛሉ፤ ከቀነሰባቸው ይገለባበጡና ሌላ አቅጣጫ ይሞክራሉ። ምግብ የሚያገኙት እንዲህ እየሞከሩ ነው። ውሃው ፈጽሞ ሲረጋ ጣዕሙ ከፍርፋሪው ዙሪያ ብዙም ሳይርቅ ይቆያል፤ የሚደርስበት በአጠገቡ ያለ ዋናተኛ ብቻ ነው። ውሃው በመጠኑ ሲናወጥ ጣዕሙ እንደ ክር እየተሳበ ይረዝማል፤ ክሩ ሩቅ ያለውን ዋናተኛ መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ዋናተኛውም ክሩን ይዞ ይበላል፣ ይራባል። ውሃው ከመጠን በላይ ሲናጥ ግን ክሩ ይሳሳል፣ ይጠፋል፤ ጣዕሙ በየቦታው እኩል ይሆናል። ያን ጊዜ መዋኘት ትርፍ የለውም፤ የዋኘውም ያልዋኘውም እኩል ነው።

ቁጥሩም ይህንኑ ይመሰክራል። በማይክሮስኮፑ ውስጥ በአንድ ዕይታ የሚቆጠሩት ዋናተኞች ሳይነካ በተቀመጠው ጠርሙስ በአማካይ አሥራ አራት፣ በጥልፉ ሃያ ሁለት፣ በዩኒፎርሙ ሠላሳ አንድ፣ በካኪው አሥራ ስድስት ነበሩ። ጅራት የሌላቸው በአራቱም ጠርሙስ ያው ናቸው። ሶምሶማው የጠቀመው የሚዋኘውን ብቻ ነው። እንግዲህ በኅዳር 1971 የተቆጠረው እጥፍ ቁጥር ትክክል ነበር። ሐይቁ አልቆሸሸም፤ ቆጣሪዋም አልተሳሳቱም።

ወይዘሮ ሎሚ ለማያምናቸው ሰው ብርጭቆ ውሃና የብዕር ቀለም ያቀርቡ ነበር። አንድ ጠብታ ጣል ያደርጉና፣ «አትንካው፣ እየው» ይላሉ፤ ቀለሙ ባለበት ተኮማትሮ ይቆያል። በማንኪያ ጫፍ ቀስ ብለው ያማስሉታል፤ ሰማያዊ ክሮች ብርጭቆውን ሞልተው ይጠላለፋሉ። ከዚያ በኃይል ይበጠብጡታል፤ ክሩ ይጠፋና ውሃው ፈዛዛ ሰማያዊ ብቻ ይሆናል። «አሁን ቀለሙ የት እንዳለ አሳየኝ» ይላሉ። አቶ ኑሬ ይህን ሲያዩ፣ «እትዬ፣ ታዲያ ፈረሴ ነዋ አስተማሪው!» ማለታቸው በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነሳል።

በ1976 ዓ.ም. አሥራ አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተው ለበላይ መሥሪያ ቤት ላኩ። ከሁለት ወር በኋላ ሁለት መስመር ተጽፎበት ተመለሰ። የመጀመሪያው መስመር ጽሑፉ «ከጠርሙስ አጣቢ የቀረበ መሆኑን ተገንዝበናል» ይላል። ሁለተኛው ናሙናው በጋሪ ሲዞር መዋሉ በማን እንደታወቀና ባለጋሪው ማን እንደሆነ እንዲገለጽ ይጠይቃል። አሥራ አንዱን ገጽ ያላነበቡ ሰዎች የሰው ስም ለመጠየቅ ጊዜ አላጡም። ወይዘሮ ሎሚ መልስ አልሰጡም። ጽሑፉ በዚሁ ቀረ፤ ደብዳቤው በማህደራቸው ቀጠለ፤ እሳቸውም ማጠባቸውን ቀጠሉ። ዘጠኝ ዓመት አጥበዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእጃቸው የወጣ ቆሻሻ ጠርሙስ የለም።

አቶ ኑሬ ይህን ሁሉ ዘመን ወይዘሮ ሎሚ ለምን ከማይክሮስኮፕ ወደ እጥበት እንደሄዱ አያውቁም ነበር። ወይዘሮ ሎሚ አልነገሯቸውም። በየካቲት 1980 ዓ.ም. አንድ የጣቢያው ሠራተኛ በጋሪያቸው ተሳፍሮ ሲሄድ «ያቺ ጠርሙስ አጣቢ እኮ ቆጠራ አበላሽታ ነው፣ ናሙናው በጋሪህ ይመጣ በነበረ ጊዜ» ብሎ አወራላቸው። ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አውርደው ጋሪያቸውን በቀጥታ ወደ ጣቢያው ነዱ። ዘበኛውን አልፈው የጓድ ንዋይን ቢሮ ከፈቱ።

«ጓድ ንዋይ፣ ጠርሙሱን ያዞርኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሎሚ የለችበትም። እሰረኝ።»

«ስንት ቀን አዞርከው?»

«ፈረሱን ጠይቀው፤ እኔ መቁጠር አልችልም። የምትቆጥረውን ሰው እኮ ጠርሙስ አሳጠብካት!»

ጓድ ንዋይ አቶ ኑሬን አላሰሩም። ይህ ሊነገርላቸው ይገባል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ ብዙነህ ሱቅ ድረስ መጥተው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ የስፌት መኪናዋን ራሳቸው ለመርገጥ ጠየቁ። ወይዘሮ ሎሚ ጠርሙሶቹን አቀረቡላቸው። ኃላፊው ሦስት ቅዳሜ ረገጡ፤ በማይክሮስኮፑም ራሳቸው ቆጠሩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ያገኙት በዩኒፎርሙ አረጋገጥ ሠላሳ ሁለት፣ ሳይነካ በተቀመጠው አሥራ ሦስት ነበር። በደብተሩ ላይ በእጃቸው ጽፈው ፈረሙ። መጋቢት 21 ቀን 1980 ዓ.ም. አዲስ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ወይዘሮ ሎሚም ወደ ማይክሮስኮፓቸው ተመለሱ።

ነገር ግን ደብዳቤው አልተነበበም። የመጀመሪያው በሠላሳ አራት ሰው ፊት ጮክ ተብሎ ተነቦ ነበር፤ ሁለተኛው በፖስታ ታሽጎ በማህደር ውስጥ ገባ። «በማህደሬ ምን እንዳለ የባቱ ሰው ያያል እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ሎሚ። ስብሰባ ይጠራ ብለው ጻፉ። አንድ ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተባለ፤ አንድ ጊዜ አጀንዳ በዛ ተባለ፤ አንድ ጊዜ ጓድ ንዋይ አዲስ አበባ ነበሩ። ሰውን ለማዋረድ አንድም ቀን አጀንዳ በዝቶ አያውቅም።

በጥቅምት 1981 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አገኛቸው። ለሕክምና እንዲመች ቤተሰቡ ወደ አዳማ ተመለሰ። በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓመት ጥር ጀምሮ ከአልጋ መነሳት ተሳናቸው። በየካቲት አቶ ንዋይ ሊጠይቋቸው መጡ፤ ብርቱካንም ይዘው ነበር። ወይዘሮ ሎሚ ብርቱካኑን አመስግነው ተቀበሉና ነገሩን አነሱ።

«አቶ ንዋይ፣ የጻፉት ወረቀት ጥሩ ነው። ግን ማን ሰማው?»

«ይሻልዎት፣ ወይዘሮ ሎሚ። ሲሻልዎት ሠራተኛውን ሰብስበን፣ እርስዎም ባሉበት...»

«እኔ ባይሻለኝም ይነበባል። የመጀመሪያውን ሲያነቡ ድምፅዎ ጥሩ ነበር። በዚያው ድምፅ ያንብቡት።»

አቶ ንዋይ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። ወይዘሮ ሎሚ በየሳምንቱ ከባቱ የሚመጣ ሰው ባገኙ ቁጥር «ተነበበ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ሕመሙ በርትቶ ሌላውን ነገር ሁሉ ሲያስረሳቸው ይህን ጥያቄ አላስረሳቸውም። የመጨረሻው ጥያቄያቸውም ይኸው ነበር፤ የጠየቁትም አቶ ኑሬን ነው። አቶ ኑሬ መዋሸት ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም። «ገና ነው፣ እትዬ» አሏቸው። «እንግዲያው ጠብቀው» አሉ።

ወይዘሮ ሎሚ ፈይሳ ሐሙስ ግንቦት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው በአዳማ በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን አቶ ብዙነህን፣ ልጆቻቸውን ፀዳለንና ቀነዓን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ጉዲቱን፣ አራት ወንድሞችና እህቶችን ትተዋል። አንድ ደብተርም ትተዋል፤ ሊያነበው ለሚፈልግ ሁሉ በቤቱ ክፍት ነው።

ማንም የማያያቸውን ፍጥረታት የሚያውቅ አምላክ፣ እነሱን ለማየት ዓይናቸውን ያደከሙትን አገልጋዩን በፊቱ ብርሃን ያሳርፋቸው። የተከተሉትን መንገድ ሳያቋርጡ እንደሄዱ፣ ወዳሰቡት ቤት ያድርሳቸው። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ጽናትን ይስጥ።

ከግብዓተ መሬቱ በፊት የሚቀር አንድ ነገር አለ። ትናንት ከቀትር በኋላ አቶ ንዋይ ወደ ለቅሶው ቤት መጥተው ከአቶ ብዙነህ አጠገብ ተቀመጡ። ከኪሳቸው የመጋቢት 21ን ደብዳቤ ግልባጭ አወጡ።

«ብዙነህ፣ ነገ እኔ ላንብበው።»

«ጮክ ብለህ?»

«እንደዚያን ቀኑ።»

የጣቢያው መኪና ዛሬ ጠዋት ሠራተኞቹን ከባቱ አምጥታለች። ከሠላሳ አራቱ ሃያ ስድስቱ እዚህ አላችሁ፤ ያን ቀን ከኋላ ወንበር የሳቀውም አለ። ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ሲያበቃ አቶ ንዋይ ወደ ፊት ይወጣሉ። ወይዘሮ ሎሚ የመጀመሪያውን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ቆመው ነው ያዳመጡት። ይህኛውን ቆማችሁ ስሙላቸው።

ታናሽ ወንድማቸው ፈዬራ ፈይሳ
አዳማ፣ ግንቦት 10 ቀን 1982 ዓ.ም.